ስልኩ ሰው ይዞ ይምጣ

የሶማሌ ሕዝብ ናፍቆቱንና ጭንቀቱን በድምፅ መላላክ የጀመረው ዋትስአፕ ከመታሰቡ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የተሻገረ ወጣት ለቤተሰቡ የሚልከው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ካሴት ነበር። ሰላምታውን፣ የገንዘቡን ጉዳይ፣ አንዳንዴም ግጥሙን ቀድቶ በሰው እጅ ይሰድዳል፤ ቤተሰቡ ቴፑን ከብቦ ያዳምጣል፤ መልሱንም ቀድቶ ይልካል። ሶማሊኛ ዛሬ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል በሞቃዲሾ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1972 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያደገው ትውልድ ቁም ነገሩን የሚያኖረው በጆሮና በቃል ነበር። ዛሬም በጅግጅጋ ገበያ ወይም በቶጎ ውጫሌ ኬላ ነጋዴው ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ የሚያወራው መጻፍ ስላቃተው ብቻ አይደለም። ድምፅ የተናጋሪውን ሁኔታ ሳይደብቅ ይዞ ይሄዳል።

የአእምሮ ጤናን በዲጂታል መሣሪያ ስለመደገፍ የሚነገረው ግን ከዚህ ልማድ አይነሳም። ከፕሌይ ስቶር የሚወርዱት ታዋቂ አፖች በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፣ በጽሑፍ መልስ ይጠብቃሉ፣ የተሻለውን ክፍል በዶላር ይሸጣሉ። ለለንደንና ለቶሮንቶ ሶማሌዎች ይጠቅሙ ይሆናል። በቀብሪ በያህ የስደተኞች መጠለያ ልጆቿን ይዛ ለተቀመጠች እናት የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ በራሷ ቋንቋ የተቀዳ ድምፅ፣ ከድምፁም ጀርባ ስሟን አውቆ የሚደውልላት የሰለጠነ ሰው። ይህ በእጅ ያለ ቴክኖሎጂ ነው፤ አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም። ሄሎካሽና ቴሌብር የሶማሌ ክልልን ሰው በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ካስለመዱት ቆይተዋል፤ ከድንበሩ ማዶ ሐርጌሳ ላይማ ዛድ የተባለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ስልክ ለከባድ ጉዳይ የማይታመን ዕቃ አይደለም።

ጭንቀቱ ደግሞ የተደራረበ ነው። ወደ ሶማሊላንድ ድንበር ያለችው ሐርትሼክ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሹትን ስትቀበል በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እስከመባል ደርሳ ነበር፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ቀብሪ በያህ በ1991፣ አውበሬ በ2007፣ ሸደር በ2008 ተከተሏት። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከሁለቱም ወገን ተፈናቅሎ፣ በጅግጅጋና በባቢሌ መካከል ያለው ቆሎጂ አንድ ትልቅ ከተማ የሚያህል መጠለያ ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ በተጀመረው ሁከት ሰው ሞተ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። በዚያው ሰሞን ጄል ኦጋዴን በሚባለው እስር ቤት ስለተፈጸመው ስቃይ ሂዩማን ራይትስ ዎች ሰፊ ዘገባ አወጣ፤ እስር ቤቱም ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋ። ከዚያ ደግሞ ዝናብ ለተከታታይ ወቅቶች ጠፋ፤ በሲቲና በፋፈን ዞኖች ግመሉና ፍየሉ ያለቀበት አርብቶ አደር ወደ ከተማ ዳርቻ ተጠጋ። በአንድ ሰፈር የቀድሞ እስረኛ፣ ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ፣ ከቀዬው የተነቀለ ገበሬና ከብቱን የቀበረ እረኛ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ላንሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ግምገማ ግጭት ባየ አካባቢ ከሚኖር ሕዝብ 22 ከመቶ የሚሆነው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት አስልቷል። በዚሁ ክልል ደቡብ፣ በመልካ ዲዳ መጠለያ 847 አዋቂ ስደተኞችን ያካተተውና በ2015 የታተመው ጥናት ደግሞ 38.3 ከመቶው ላይ የድብርት ምልክት አግኝቷል።

ሐኪሙስ? ኢትዮጵያ በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ማሰልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የስፔሻሊስት ሥልጠናው ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ተከትሎ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እንዲለዩና እንዲያክሙ የማሰልጠን ሥራ ተጀምሯል፤ በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶችም ይህ አካሄድ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ስለዚህ የስልኩ ጥያቄ ሐኪምን ስለመተካት አይደለም። ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ባለው ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ማን ይቁም የሚል ነው።

ለዚህ ባዶ ቦታ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ከኡጋንዳ ይመጣል። በራይኖ ካምፕ የሰፈሩ 694 የደቡብ ሱዳን ሴቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የራስ አገዝ ትምህርት ፈትሿል። ትምህርቱ አምስት ክፍለ ጊዜ አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ሴቶች ተሰብስበው በጁባ ዓረብኛ የተቀዳ ድምፅ ያዳምጣሉ። ድምፁ ትንፋሽን ማስተዋልን፣ ከሚያሰቃይ ሐሳብ ጋር ሳይታገሉ ወደ ያዙት ሥራ መመለስን፣ ለራስና ለሌላው ደግ መሆንን ያለማምዳል። ክፍለ ጊዜውን የሚመሩት የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች አይደሉም፤ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሴቶች ናቸው። ማንበብ ለማይችለው ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይሰጣል። ከሦስት ወር በኋላ የተሳታፊዎቹ ጭንቀት ካልተሳተፉት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። ኢንተርኔት አልተፈለገም፤ ድምፅ ማጫወቻ፣ ጥላ ያለው ቦታና የምትታመን ሴት በቂ ነበሩ።

ይህን ለጅግጅጋ አካባቢ ማላመድ ከባድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የትምህርቱን ሥዕላዊ መጽሐፍ ከድምፅ ቅጂው ጋር በነጻ ያሰራጫል፤ ለንግድ እስካልዋለ ድረስም ተርጉሞ ማላመድን ይፈቅዳል። ከባዱ ሥራ ትርጉሙን የሚናገረው ሰው ማን ይሁን የሚለው ነው። የጅግጅጋ ሰው የሚያወራበት ሶማሊኛ፣ የእረኛውን ኑሮ የሚያውቅ ምሳሌ፣ ለሴቶች የሴት ድምፅ ያስፈልጋል። ለከተማው አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎችም የየራሳቸው ቅጂ ሊኖር ይገባል፤ በ2010ሩ ሁከት ንብረቱን ያጣው ነጋዴ ጎረቤቱ የሚያገኘውን እርዳታ ሊነፈግ አይገባም።

ውጤቱ በሁሉም ቦታ እኩል እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ቱርክ ውስጥ 642 ሶርያውያን ስደተኞች በተሳተፉበት ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የአእምሮ ሕመም የጀመራቸው ትምህርቱን ከወሰዱት 22 ከመቶ ያህሉ፣ ካልወሰዱት ግን 41 ከመቶ ያህሉ ናቸው። በምዕራብ አውሮፓ በተሠራው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ መጀመሪያ የታየው ጥቅም በስድስተኛው ወር ጠፍቷል። ወረቀት፣ ቤትና ሥራ የሚጠብቅ ሰው ትንፋሹን ማስተዋል ቢማርም የሚጠብቀው ነገር በዚያ አይመጣም።

ይህን ነጥብ ቀደም ብሎ የተናገረው የሁርሶ ሰው ነው። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ባለችው በዚህች መንደር፣ እ.ኤ.አ. ከ1977ቱ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በኋላ ሸሽተው የተመለሱ ሶማሌዎች ዘንድ የቆየችው ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ክሪስቲና ዛሮውስኪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ሰዎቹ ስለ ስቃያቸው ሲናገሩ ስለ አእምሮ ቁስል ሳይሆን ስለተነጠቁት መሬትና ከብት፣ ስለተጣሰው ፍትሕ ይናገሩ እንደነበር ገልጻለች። ቁጣቸው የሕመም ምልክት ሳይሆን ክስ ነበር። ዲጂታል እርዳታ ይህን ክስ ለማፈን ከዋለ ጥፋት ነው። ለቆሎጂ ተፈናቃይ ስለ እንቅልፉ የሚጠይቅ ሠራተኛ ስለ ካሳውና ስለ መመለሻው ሲጠየቅም የት እንደሚመራው ማወቅ አለበት፤ ከመሬትና ከማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች ጋር ያልተሳሰረ የስልክ መስመር ሰውን ጭንቀቱን ችሎ እንዲኖር ከማድረግ አያልፍም።

ጫትም አለ። የአወዳይ ጫት በጅግጅጋ አልፎ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚፈስበት መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች በርጫን የመገናኛ፣ የመነጋገሪያ ሰዓት አድርገው ይዘውታል። ብዙው ሰው ምርቃናው ሲያልፍ ከድብታና ከዱካክ በቀር የከፋ አይገጥመውም። ሐርጌሳ ላይ 4,854 ሰው የተቆጠረበትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት ግን ከወንዶቹ 8.4 ከመቶው ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ምልክት አይቷል፤ ሕመሙንም በለጋ ዕድሜ ከተጀመረና ከልክ ካለፈ ጫት ጋር አያይዞታል። የሌለ ድምፅ ሲሰማ ለሚያድር፣ ለቀናት እንቅልፍ ላጣ፣ ራሱን ሊያጠፋ ለሚያስብ ሰው የተቀዳ ትምህርት መላክ ስህተት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በዚያው ቀን ሰው ይዞት ሆስፒታል መድረስ አለበት። የሚደውለው ሠራተኛ መጀመሪያ መማር ያለበትም ይህንኑ መለየት ነው።

የሚደውል ሰው መኖሩ ትርፍ ነገር አይደለም። በሊባኖስ የጤና ሚኒስቴርና የዓለም ጤና ድርጅት «ደረጃ በደረጃ» ያሉትን የአምስት ሳምንት የስልክ ትምህርት ሲያዘጋጁ፣ ሐኪም ያልሆነ ግን የሰለጠነ ረዳት በየሳምንቱ ለሩብ ሰዓት ያህል እንዲያነጋግር አድርገዋል። የድብርት ምልክት ቀንሷል፤ እንዲያም ሆኖ ብዙዎች መሃል ላይ አቋርጠዋል። ሰው እየደወለ እንዲህ ከሆነ፣ ሰው ከሌለበት አፕ ብዙ መጠበቅ አይቻልም። በአሜሪካ እጅግ የታወቀው ወቦት የተባለው አወያይ ፕሮግራም እንኳ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2025 አገልግሎቱን ዘግቷል። የሩቅ ኩባንያ ውሳኔ አውበሬ ያለችን ሴት በአንድ ሌሊት ያለ አነጋጋሪ ሊያስቀራት አይገባም።

ምስጢርም አለ። ሞዚላ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከመረመራቸው 32 የአእምሮ ጤናና የጸሎት አፖች 28ቱ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ለጥፏል። ቤተርሄልፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የታካሚዎቹን መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፏል ተብሎ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የጤና መረጃንም ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ወገን መድባለች። በሶማሌ ክልል ከተሞች ግን ከኩባንያው የበለጠ የሚፈራው ቅርብ ያለ ሰው ነው። አንድ ስልክ ለባልና ለሚስት፣ ለወንድምና ለእህት የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። እስር ቤት የተሰቃየ ሰው ስለ መርማሪዎቹ ያወራውን ድምፅ ስልክ ላይ ትቶ ሊተኛ አይችልም። ስለዚህ አገልግሎቱ ስም ሳይመዘገብ የሚደመጥ፣ የተናጋሪውን ድምፅ የማያስቀምጥ፣ በባለ ቁልፍ ስልክም ያለ ፓኬጅ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። በነሐሴ 2018 (እ.ኤ.አ.) በጅግጅጋና በአካባቢው ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ሰው እርዳታ የሚሻው እንዲህ ባለ ቀን ነውና ቅጂው በሚሞሪ ካርድና በክልሉ ሬዲዮም ይኑር።

የሃይማኖት አባቶችን የዘለለ ሥራም አይጸናም። የታመመ ሰው ያለው ሙስሊም ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ቁርኣን ወደሚቀራበት ነው፤ የጅግጅጋ ኦርቶዶክስ ደግሞ ወደ ጠበል። በሁለቱም ቦታ የሚገኘው መጽናኛ እውነተኛ ነው፤ ጸሎትንም መድኃኒትንም አብሮ መያዝ ይቻላል። ከድንበሩ ማዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች የዘገበው፣ በግል ማዕከላት በሰንሰለት ታስረው የከረሙ ሕሙማን ታሪክ ግን እዚህ እንዳይደገም፣ ሼኩና ቄሱ የሕመም ምልክትን የሚለዩበትና የሚደውሉበት ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። የቅጂው አንድ ክፍል በታመነ ሼክ ድምፅ ቢነገር ደግሞ የሚያዳምጠው ይበዛል።

ለመጀመር ቀብሪ በያህ ትመቻለች። ከጅግጅጋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ ስደተኛውና ነዋሪው በአንድ ገበያ ይውላሉ፣ ከ30 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። የክልሉ ጤና ቢሮና ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ቅጂውን ቢያዘጋጁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሴቶቹን ስብስብ ቢመሩ፣ ቴሌ ጥሪውን ነጻ ቢያደርግ፣ ወጪው አንድ ክሊኒክ ከመገንባት ያነሰ ይሆናል። ውጤቱም በትምህርቱ ማግስት ብቻ ሳይሆን በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ይለካ። በአውሮፓ የታየው መክሰም እዚህም ከታየ፣ ተጨማሪው ገንዘብ ለሌላ ቅጂ ሳይሆን በየሳምንቱ ለምትደውለው ሠራተኛ ደመወዝ መዋል አለበት።