ዋሻ የሆነ መቅደስ

እግዚአብሔርን የሚያሳዝነው ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ ከጉድለት ይነሣል። ጸሎት ማስታጎል፣ ጾም መግደፍ፣ ከቅዳሴ ወይም ከጉባኤ መቅረት፣ አሥራት አለማውጣት… መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መጻሕፍተ ነቢያትን በጥሞና የሚያነብ ሰው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይገጥመዋል። ከነቢያት አፍ ከወጡት መራራ ቃላት ብዙዎቹ የተነገሩት አምልኮ ለጎደላቸው ሰዎች ሳይሆን አምልኮ ለተረፋቸው ሰዎች ነው። መሥዋዕቱ አልተቋረጠም፤ ዕጣኑ ይጤሳል፤ መዝሙሩ ከበገና ጋር ይሰማል፤ በዓላቱም በየወቅታቸው ይከበራሉ። እግዚአብሔር ግን ይህን ሁሉ እንደ ሸክም ቆጥሮ ፊቱን መለሰ። ለምን?

መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ኤርምያስን እንስማ። ነቢዩ በንጉሡ በኢዮአቄም ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ609 ገደማ፣ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በር ላይ ቆሞ ሊሰግዱ የሚገቡትን ሰዎች ገሠጻቸው። የመቅደሱን ስም ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ ይህ ቤት እስካለ ድረስ ክፉ አያገኘንም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እርሱ ግን ሥራቸውን ዘረዘረባቸው። መጻተኛውን፣ ድሀ አደጉንና መበለቲቱን ይገፋሉ፤ ይሰርቃሉ፤ በሐሰት ይምላሉ፤ ለጣዖት ያጥናሉ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ መጥተው በዚህ ቤት ይቆሙና ድነናል ይላሉ። ነቢዩም ቤቱን የወንበዴዎች ዋሻ ብሎ ጠራው።

ይህን ቃል ስንሰማ ብዙ ጊዜ ወንበዴዎቹ በዋሻው ውስጥ የሚዘርፉ ይመስለናል። ወንበዴ ግን በዋሻው ውስጥ አይዘርፍም። የሚዘርፈው በመንገድ ላይ ነው፤ ወደ ዋሻው የሚመለሰው ከዘረፈ በኋላ ነው። ዋሻ ከሚያሳድድ የሚሸሸጉበት፣ ላብ የሚያደርቁበት፣ የዘረፉትን የሚከፋፈሉበት፣ ለነገው ዘረፋ ኃይል የሚሰበስቡበት ስፍራ ነው። እንግዲህ የኤርምያስ ክስ ሰዎቹ በመቅደስ ውስጥ ክፉ ሠሩ የሚል ብቻ አይደለም፤ በውጭ ለሠሩት ክፋት መቅደሱን መደበቂያ አደረጉት የሚል ነው። ስድስት መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ ሲገለብጥ ይህንኑ የኤርምያስን ቃል አነሣ። ያ የተመኩበት የመጀመሪያው መቅደስ ግን በባቢሎናውያን እጅ በ586 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ተቃጥሎ ነበር። እግዚአብሔር የራሱን ቤት እንኳ ለዋሻነት አላቆየውም።

በእኔ እምነት አምልኮን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ የሚያደርገው ዋናው ነገር ይኸው ነው። የአምላኪው ድካም አይደለም፤ የድምፁ አለማማር ወይም የስጦታው ማነስም አይደለም። አምልኮው የበደል መሸሸጊያ መሆኑ ነው።

ከኤርምያስ 150 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የተነሣው አሞጽም ይህንኑ ይነግረናል። አሞጽ የቴቁሔ ሰው፣ ከብት ጠባቂና ሾላ ለቃሚ ነበር። በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን፣ እስራኤል በበለጸገችበት ወቅት፣ ወደ ሰሜን ተልኮ በቤቴል መቅደስ ተናገረ። ከከሰሳቸው ሰዎች መካከል ነጋዴዎች ነበሩበት። ልብ እንበል፤ እነዚህ ነጋዴዎች ሰንበትን አልሻሩም። ሱቃቸውን ዘግተው ሰንበትን ያከብራሉ። ነገር ግን ቀኑ መቼ አልፎ መስፈሪያውን አሳንሰን፣ ሚዛኑን አዛብተን፣ የስንዴውን ግርድ እንሸጣለን እያሉ ሰዓት ይቆጥራሉ። ሕጉ ከድሀ በመያዣነት የተወሰደ ልብስ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመለስ ያዝዛል፤ ድሀው በሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና። እነርሱ ግን ያንኑ ልብስ በመሠዊያው አጠገብ አንጥፈው ይተኙበታል። ልብሱ የተወሰደበት ሰው በብርድ ሲያድር፣ ልብሱ በመቅደስ ያድራል። የቤቴል ካህን አሜስያስ ይህን ክስ ሲሰማ ምን አደረገ? ስፍራው የንጉሥ መቅደስ ነውና ወደ ይሁዳ ሽሽ ብሎ ነቢዩን አባረረው። ዋሻው ጠባቂ ነበረው ማለት ነው።

ኢሳይያስ ደግሞ ስለ ጾም ይናገራል። ሕዝቡ ጾመን ሳለ እግዚአብሔር ስለ ምን አላየንም ብለው ያጉረመርማሉ። ነቢዩም በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ፤ እየተጣላችሁም ትጾማላችሁ ብሎ ይመልስላቸዋል። እግዚአብሔር የሚወድደው ጾም የተገፋውን ነጻ ማውጣት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ የተራቆተውን ማልበስ እንደሆነም ይነግራቸዋል።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ያህል ቀናት፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ 250 ገደማ ይጾማሉ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም የጾምና የአዳር ጸሎት የተለመደ ነው። በጾም ሕዝብነታችን ከዓለም ክርስቲያኖች የምናንስ አይደለንም። ነገር ግን የጾሙን ሽሮና ምስር የምታበስለው፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለበሰውን ነጠላ የምታጥበው ማን ናት? በብዙ ቤቶች ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ናት። ደመወዟ ይጠራቀምልሻል ተብሎ ለወራት የተያዘባት፣ በሰንበት ቤት ጠብቂ ተብላ ከአምልኮ የምትቀር፣ ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ ልጅ! በዐረብ አገር ያሉ እኅቶቻችን ደመወዛቸው ተከልክሎ፣ ፓስፖርታቸው ተይዞ እንደሚሠሩ ስንሰማ እናለቅሳለን። ማልቀሳችንም የተገባ ነው። በገዛ ጓዳችን ያለችውስ? ሐዋርያው ያዕቆብ የተከለከለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። እንግዲህ ከአንድ ቤት ሁለት ድምፅ ወደ ሰማይ ይወጣል። አንዱ ከሳሎን የሚወጣው ጸሎት ነው፤ ሁለተኛው ከጓዳ የሚወጣው የደመወዝ ጩኸት ነው። የትኛው ቀድሞ የሚሰማ ይመስለናል?

ዋሻው በገንዘብ ብቻ አይታነጽም። ነቢዩ ሚልክያስ መሠዊያውን በዕንባና በልቅሶ ስለሚከድኑ ሰዎች ይናገራል። ዕንባው እውነተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ መሥዋዕታቸው ግን አልተወደደም፤ በልጅነት ሚስቶቻቸው ላይ አታልለዋልና። ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል አባትና እናትን የሚረዱበትን ገንዘብ ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብለው ከወላጆቻቸው የሚያርቁትን ነቅፏል። ለሕንፃ ማሠሪያ በአደባባይ ቃል የሚገባ፣ የአረጋዊት እናቱን የመድኃኒት ዋጋ ግን ለእኅቱ የሚተው ሰው ዛሬም ከመካከላችን አልጠፋም። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች ሲገሥጽ አንዱ ጠግቦና ሰክሮ ሌላው ተርቦ የሚቀርብበት ማዕድ የጌታ እራት ሊባል እንደማይችል ነግሯቸዋል። የተሰበሰቡት ለከፋ እንጂ ለተሻለ ነገር አልነበረም።

ነገሩ የአምላኪው ጉዳይ ብቻ ቢሆን በቀለለ ነበር። ስጦታውን የሚቀበለው ቤትም ድርሻ አለው። በእኛ ዘንድ ከመጻሕፍት ቅዱሳት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ ከድሀ ሀብት ነጥቆ መሥዋዕት የሚያቀርብን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ሰው ጋር ያስተካክለዋል። ከዚህ የከበደ ንጽጽር ከወዴት ይገኛል? ዲድስቅልያም ድሀ አደጎችንና መበለቶችን ከሚያስጨንቁ ግፈኞች መባ እንዳይቀበሉ ጳጳሳትን ያስጠነቅቃል። ዛሬ ግን ገንዘቡ ከወዴት እንደመጣ ሳይጠየቅ የለጋሹ ስም ከነመጠኑ በድምፅ ማጉያ ሲነገር፣ እልልታውም ሲቀልጥ እንሰማለን። ሠራተኞቹ ያልተከፈላቸው፣ ጎረቤቱን ከመሬቱ ያፈናቀለ፣ በጉቦ የከበረ ሰው ያን እልልታ ሲሰማ ምን ይማራል? ይህ ቤት ይደብቀኛል የሚለውን ብቻ ነው።

የዋሻውን በር የዘጉ አባቶች ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ390 ዓ.ም የተሰሎንቄ ከተማ ሕዝብ ባመፀ ጊዜ በንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ትእዛዝ ወታደሮች እጅግ ብዙ ሰው ፈጁ። ቴዎዶስዮስ አረማዊ አልነበረም፤ ከአሥር ዓመት በፊት የኒቅያን ሃይማኖት የግዛቱ ሕጋዊ ሃይማኖት ያደረገ ንጉሥ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ከእርሱ የበለጠ ባለውለታ አልነበራትም። የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ ግን ንስሐ ካልገባህ በፊትህ መሥዋዕት አላቀርብም ሲል ጻፈለት። ንጉሡም የንግሥና ልብሱን ትቶ በሕዝብ ፊት ንስሐ ገባ። ጳጳሱ ውለታውን ቢያስብና ዝም ቢል ኖሮ ንጉሡን ባጠፋው ነበር። በሩን መዝጋቱ ለንጉሡም ለቤተ ክርስቲያንም ምሕረት ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። አንደኛው፣ እጁ ንጹሕ ያልሆነ ሁሉ አይጸልይ ማለትህ ነውን? የሚል ነው። እንዲህ ከሆነማ ማን ይተርፋል! ነገር ግን ጌታ ስለ ፈሪሳዊውና ስለ ቀራጩ የተናገረውን እናስብ። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጾም፣ ከሀብቱ ሁሉ አሥራት የሚያወጣ ነው። ቀራጩ ሙያው ራሱ በዝርፊያ የታወቀ ነው። ጸድቆ የተመለሰው ግን ቀራጩ ነው። ሁለቱም የቆሙት በአንድ መቅደስ ነው፤ ለአንዱ መሸሸጊያ ሆነው፣ ለሌላው መገለጫ። ኃጢአቱን ይዞ የሚመጣና ኃጢአቱን ሊደብቅ የሚመጣ አንድ አይደሉም። እውነተኛ ንስሐም በዕንባ ብቻ አይቆምም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ግማሽ ሀብቱን ለድሆች፣ ያታለላቸውንም አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። ደስታው ሒሳብ ነበረበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ተቃራኒ ነው። እንግዲያውስ ጾሙም ቅዳሴውም ይቅር፤ ልብ ንጹሕ ከሆነ፣ ለሰው ደግ ከሆንን አይበቃምን? ይህ አባባል በዘመናችን ተወዳጅ ነው። ጌታ ግን ከጓሮ ቅመም ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ሲገሥጽ አሥራቱን ጣሉት አላላቸውም፤ ያንን ሳይተዉ ይህን ማድረግ ይገባቸው እንደነበር ነገራቸው። ነቢያቱም መቅደሱን የተቆጡት ስለሚወድዱት ነው። ልቤ ንጹሕ ነው ብሎ ከአምልኮ የሚርቅ ሰው ደግሞ ዋሻውን ከመቅደስ አውጥቶ ወደ ልቡ ያዛውረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በፊቱ የሚንበረከክለት የሌለው ሰው፣ የሚወቅሰውም የለውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በተራራው ስብከት ጌታ በመሠዊያ ፊት መባውን ይዞ ስለቆመ ሰው ተናግሯል። ሰውየው እዚያ ቆሞ ያስታወሰው እርሱ በወንድሙ ላይ ያለውን ቂም አይደለም፤ ወንድሙ በእርሱ ላይ ያለውን ነገር ነው። መባውን ትቶ እንዲሄድ፣ አስቀድሞ እንዲታረቅ፣ ከዚያም ተመልሶ እንዲያቀርብ ታዘዘ። የስብከቱ ሰሚዎች በገሊላ የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፤ መሠዊያው ግን በኢየሩሳሌም ነው። መካከሉ የሦስት ቀን ያህል የእግር መንገድ ነው። ለገሊላ ሰው ይህን ቃል መፈጸም ማለት ያን ሁሉ መንገድ ወደ ቤት መመለስ፣ ታርቆም እንደገና መጓዝ ማለት ነበር። እግዚአብሔር በዚህ ሁሉ ጊዜ መባው በመሠዊያው ፊት ቢቆይ አይቀየምም። በእኛም ቅዳሴ ውስጥ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ የሚያዝዘን ቁርባኑ ከመቅረቡ አስቀድሞ ነው። ለጎረቤት ራስን ዝቅ አድርጎ ለማለፍ አንድ አፍታ ይበቃል፤ ቃሉን ለመፈጸም ግን ምናልባት የሦስት ቀን መንገድ ይጠይቃል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ ነገ ማለዳ ለቅዳሴ ወይም ለጉባኤ የምትነሣ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ወደ ጓዳ ግባ፤ የተያዘ ደመወዝ ካለ ቁጠርና ስጥ። በሰንበትም በሩን የምትጠብቀው ልጅ ተራዋ ይድረሳት። የተበደለ ወንድም ካለህ ደውልለት፤ ያዘነች ሚስት ካለችህ አነጋግራት። መባው ይቆያል። እግዚአብሔር ይታገሣል፤ የተራበ ግን እስከ ማለዳ መታገሥ ይከብደዋል።