በሬው ከመሸጡ በፊት

ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። ዝናብ ማጣት የሰማይ ጉዳይ ነው፤ እህል ማጣት ግን የምድር ጉዳይ ነው። ይህን ሳንለይ ስለ ገበሬው ብንናገር፥ ጥፋቱን ሁሉ በደመና ላይ ጭነን እጃችንን መታጠባችን ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ በበልግ የሚያመርት ገበሬ በልጉ ሲቀርበት በመጀመሪያ በጉንና ፍየሉን ይሸጣል። ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ፈጥኖ ሲወጣ በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል። ጎረቤቱም ሁሉ እንደ እርሱ በሬውን ይዞ ወጥቷልና የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ይወደዳል። በመጨረሻም ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። በማግሥቱ ዓመት ዝናቡ ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት በሬ፥ የሚዘራውም ዘር የለውም። የአንድ ዓመት ድርቅ ለብዙ ዓመት ድህነት የሚተርፈው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ እርዳታ መድረስ ያለበት መቼ ነው? ሕፃኑ ከከሳ በኋላ ሳይሆን በሬው ከመሸጡ በፊት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ገበሬው እርከን እየሠራ ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉውን ወር እንዲያልፍ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ክፍያው ቢዘገይ ረሃብ አይጠብቅም። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነው ነበር። ክረምቱን ያዳከመው ኤል ኒኞ ግን ምልክቱን አስቀድሞ የሚያሳይ ነገር ነው።

«ገበሬው ኋላ ቀር ስለ ሆነ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እነዚህ ጓደኞቻችን ኮንሶን ይዩ። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን እርከን የካበው ገበሬ ነው፤ አፈርና ውኃ መጠበቅን ለእርሱ ማስተማር «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» መሆን ነው። ለገበሬው ያነሰው ዕውቀት ሳይሆን ክፉ ቀን የሚያሳልፍበት ስንቅ ነው።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲሸሸግ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስፍራው ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳይተዋል። እኛስ? ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ የበሬውንና የእህሉን ዋጋ በየገበያው እንመዝግብ፤ ስንመለስም ለመምህራኖቻችን እናቅርብ። የበሬ ዋጋ ሲወርድ፥ የእህል ዋጋ ሲወጣ፥ ደወሉ ተደውሏል ማለት ነው። ሰምተን ዝም ካልን ግን ጥፋቱ የደመናው አይደለም።