ክሩን የያዘው ማን ነው?

ውድ አንባቢ፤ ዛሬ ከጓዳ 15 ፍሬ ባቄላና 10 ፍሬ አተር ያስመጡልኝ። ጠረጴዛው ላይ ይበትኗቸው። ይኽ እንግዲህ 25 ቤት ያለው አንድ መንደር ነው እንበል። ባቄላዎቹ የውሃ ጕድጓድ ይቈፈርልን ባዮች፤ አተሮቹ ደግሞ መንገድ ይጠረግልን ባዮች ናቸው። መንደሩ በ5 ቀጠና ተከፍሎ፤ አምስት አምስት ቤት ያለው እያንዳንዱ ቀጠና አንድ እንደራሴ ይመርጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ከዚህ የቀለለ ሕግ ከየት ይመጣል?

አሁን ክር ይያዙና ይክፈሉ። ክሩ የቱንም ያህል ቢጣመም ግድ የለም። በየቀጠናው 3 ባቄላና 2 አተር ቢያደርጉ ባቄላ አምስቱንም ወንበር ጠቅልሎ ይወስዳል፤ አተር ባዶ እጁን ይቀራል። ባቄላውን ለብቻው በሦስት ቀጠና፤ አተሩን ለብቻው በሁለት ቀጠና ቢሰበስቡ 3 ለ2 ይሆናል፤ ይኽ እንኳ የሰዉን ቍጥር ይመስላል። ተንኰለኛው ሦስተኛው ነው። 9 ባቄላና 1 አተር በሁለት ቀጠና አጭቀው ይዝጉባቸው። የተረፉትን 9 አተርና 6 ባቄላ በሦስቱ ቀጠና ሦስት አተር ለሁለት ባቄላ እያደረጉ ያካፍሏቸው። በቍጥር የሚያንሰው አተር 3 ወንበር ይዞ መንደሩን ያስተዳድራል። ድምፅ አልተሰረቀም፤ ሣጥን አልተሰበረም፤ ማንም ሰው አልተደበደበም። የተንቀሳቀሰው ክሩ ብቻ ነው።

በዛሬው ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ የሌለ አገር ፈጥረው፤ ፓርላማና ሚኒስትር ሾመው «መንግሥት» የሚጫወቱ ወጣቶች አሉ። ወረዳ መክፈል ሲደርስባቸው እነርሱንም የሚገጥማቸው ይኸው የባቄላና የአተር ጣጣ ነው።

ብልኀቱ ስም ያገኘው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ነው። በ1812 (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው የምነግርዎ) አገረ ገዥው ኤልብሪጅ ጌሪ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ያዘጋጁትን የሴኔት ምርጫ ወረዳዎች አከፋፈል ፈረመ። ከወረዳዎቹ አንዱ በኤሴክስ አውራጃ ዙሪያ ተጥመዝምዞ የሚሄድ ረዥም ነገር ነበር። አንድ የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮለት አውሬ አስመስሎ ሣለው። ሳላማንደር ከሚባለው እንሽላሊት መሰል እንስሳና ከገዥው ስም ተዳቅሎም «ጌሪማንደር» ተባለ። በዚያ ዓመት የጌሪ ወገን በድምፅ እያነሰ ሴኔቱን ያዘ። ራሱ ጌሪ ግን ገዥነቱን አጣ፤ ገዥ የሚመረጠው በመላው ግዛት ድምፅ ነውና ክር ሊሳብለት አልቻለም። ሰውዬው በ1813 ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ ዛሬ የሚታወሰው ግን በእንሽላሊቱ ነው። ከእንዲህ ያለ መታወስ ያድነን!

ክሩን ጨርሶ አለመንካትም ያው ግፍ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው የለቀቀው ኰረብታ እስከ 1832 ድረስ ሁለት እንደራሴ ለፓርላማ ሲልክ፤ የፋብሪካ ከተማዋ ማንቸስተር አንድም የራሷ አልነበራትም። በአሜሪካም ቴኔሲ ከ1901 ወዲህ ወረዳዋን ሳታስተካክል 60 ዓመት ተቀመጠች፤ ከተሞቹ ባደጉ ቍጥር የከተሜው ድምፅ እየቀለለ ሄደ። በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ክስ ዳኛ ሊያየው ይችላል አለ፤ በ1964 ደግሞ ወረዳዎች በሕዝብ ቍጥር እኩል ይሁኑ ሲል ፈረደ።

ደግ ፍርድ ነው። ነገር ግን ወደ ጠረጴዛዎ ይመልከቱ፤ በሦስቱም አከፋፈል በየቀጠናው 5 ቤት ነበር።

በፔንሲልቬንያ የሆነውም ይኸው ነው። በ2011 የተከፈሉት 18 ወረዳዎች በሕዝብ ቍጥር እኩል ነበሩ። በ2012 ምርጫ ዴሞክራቶች ከድምፁ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠውን አግኝተው 5 ወንበር ብቻ ደረሳቸው፤ ሪፑብሊካኖች 13 ወሰዱ። በ2014ም በ2016ም ያው 13 ለ5 ሆነ። እርግጥ ነው፤ ዴሞክራቶቹ እንደ ፊላዴልፊያ ባሉ ከተሞች ተጨናንቀው ይኖራሉ፤ ሰው በፈቃዱ ከመሰሉ ጋር ሲሰፍር ማንም ክር ሳይስብበት ራሱን ያጭቃል። ታዲያ ተንኰሉ ከአሰፋፈሩ በምን ይለያል? አንድ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኮምፒዩተሩ የማንንም ፓርቲ ሳያይ፤ የሕዝቡን ቍጥርና የአውራጃውን ድንበር የመሳሰለውን ብቻ ጠብቆ 500 ካርታ እንዲሥል አደረገ። ከአምስት መቶው አንዱ እንኳ ለሪፑብሊካኖች 13 ወንበር አልሰጠም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2018 አሮጌውን ካርታ ሻረው፤ በዚያው ዓመት በአዲሱ ካርታ ምርጫ ሲደረግ 9 ለ9 ወጣ።

ብዙ ሰው የወረዳውን መልክ አይቶ ይፈርዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። ወንዝና ተራራ ተከትሎ የሚጣመም ወረዳ አለ፤ ቀጥ ብሎና አምሮ የሚያታልልም አለ። ከመልኩ ይልቅ እርሳሱን የያዘውን እጅ እጠይቃለሁ። በአይዋ ግዛት ከ1980 ወዲህ በወጣው ሕግ ካርታውን የሚሥሉት ከፓርቲ የተለዩ የምክር ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ የእንደራሴዎቹን አድራሻም ሆነ ያለፈውን ምርጫ ውጤት እንዳይጠቀሙ ተከልክለዋል። ምክር ቤቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካርታዎች እንዳሉ ይቀበላል ወይም ይጥላል፤ መነካካት የሚፈቀድለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። ሌላው ግዛት ግን እንዲህ አልጨመተም። በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለፓርቲ ጥቅም የሚደረገውን አከፋፈል የፌዴራል ዳኞች አያዩትም ካለ በኋላ፤ በ2025 ቴክሳስ ቀጣዩን የሕዝብ ቈጠራ ሳትጠብቅ ካርታዋን ለሪፑብሊካኖች አመቻችታ ሣለች። ካርታውን ለዜጎች ኮሚሽን ሰጥታ የነበረችው ካሊፎርኒያም ኮሚሽኑን ለጊዜው ገለል አድርጋ ለዴሞክራቶች የሚመች ካርታ በሕዝብ ድምፅ አጸደቀች።

በእኛም አገር እንደራሴ የሚመረጠው በየምርጫ ክልሉ በብዙ ድምፅ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 ወንበር የአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን፤ የሕዝብ ቈጠራም በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ ያዛል። በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው ቈጠራ በኋላ ግን 10 ዓመቱ ሞልቶ ሳለ ተከታዩ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ከተሞቻችን ምን ያህል እንደ ሰፉ ደጅ ወጥተው ያዩታል። የአንዱ ምርጫ ክልል ድምፅ ከሌላው ጋር ሲመዘን ስንት እንደሚደፋ ግን በዐይን አይታይም።