አልነሣ ያለች መኪናና የባለቤቴ ምስክርነት

በዚህ ገጽ የሚጻፈው ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ጓዳና ስለ ጤና ስለ ሆነ የመኪና ነገር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ሳይኖር አይቀርም። ነገር ግን መኪና ያለበት ቤት ሁሉ እንደሚያውቀው፤ መኪናይቱ በማለዳ አልነሣ ያለች ቀን የሚታወከው ሹፌሩ ብቻ አይደለም። ተማሪው ከትምህርቱ፤ ሕመምተኛው ከቀጠሮው፤ ባለጉዳዩም ከችሎቱ ይቀራል። በሆመቾ በእኛ ቤት የደረሰውም እንደዚሁ ያለ ነው።

መኪናችን ሰው ሁሉ ቮልስ የሚላት፤ ኤሊ የምትመስል አሮጌ ቮልስዋገን ናት፤ በዕድሜም እኔን ትበልጣለች። የዚህች ዓይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዪቱ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ስለ ወጣች፤ ዛሬ የያዝናት ሰዎች ያለችንን ጠብቀን ከማኖር በቀር ሌላ መንገድ የለንም። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፤ የአሮጌ መኪናን ጠባይ ማወቅ ለብዙ ቤተ ሰብ የሚያስፈልግ ነገር ሆኗል።

አማቴ ለዓይናቸው ሞራ ሆሳዕና ከሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸውና ገና ሳይነጋ ነጠላቸውን ለብሰው ከደጅ ተቀመጡ። እኔም ቁልፉን ባዞርሁ ጊዜ ሞተሪኖው በኃይል ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። አንድ ጊዜ፤ ሁለት ጊዜ፤ ዐሥር ጊዜ ሞከርሁ፤ ከዚያ ወዲያ ባትሪው እየደከመ ሄደ። እኔ መፍቻ ላመጣ ወደ ቤት በገባሁ ጊዜ የ16 ዓመት ልጄ ሊረዳኝ አስቦ፤ ከታንኩ ጥቂት ቤንዚን ቀድቶ በካርቡሬተሩ አፍ ሊያፈስ፤ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወደ ታንኩ ሰድዶ በአፉ ሳበ። ቤንዚኑም በድንገት መጥቶ በጉሮሮው ገባ። ስመለስ ልጁ በመሬት ተንበርክኮ ይስላል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ትንፋሹም አጥሯል።

ጎረቤቶቻችን በመልካም አሳብ፤ አንዱ ወተት አጠጡት፤ ሌላውም አስመልሱት ይሉ ነበር። ባለቤቴ ግን ሁለቱንም ከለከለች፤ መከልከሏም ትክክል ነበር። ቤንዚን ከሆድ ይልቅ አጥብቆ የሚጎዳው ሳምባን ነው፤ የዋጠውን ሰው ያስመለሱት እንደ ሆነ ሲወርድ ወደ ሳምባ ያልገባው ሲወጣ ይገባል። ሳሉ ጋብ ቢልም ሕመሙ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ወስደነው እስከ ማታ ሲጠበቅ ዋለ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጁ ዳነ። የአማቴ ቀጠሮ ግን አለፈ፤ ሌላ እስኪሰጣቸውም ስድስት ሳምንት ጠበቁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግድግዳ እየዳበሱ ሲሄዱ አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ ይህ ዝምታቸው ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ መኪናይቱን ከቤት ራቅ አድርገን ከሜዳ አቆምናት፤ እኔም በጽሕፈት ቤት መዝገብ እንደምመረምር ነገሩን በተራ ልመረምር ጀመርሁ። ሞተር የሚነሣው ቤንዚንና የእሳት ብልጭታ ሲገናኙ ነውና አስቀድሞ የጎደለው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ካንዴላውን ፈትቼ ባየው ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። እርጥብ ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑ ደርሷል፤ ጥፋቱ ከእሳቱ ወይም ከቤንዚኑ መብዛት ነው ባልሁ ነበር። ቀጥሎ ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ የአየር ማጣሪያውን አንሥቼ፤ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጄ እየገፋሁ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ተመለከትሁ። በዚያ ጊዜ እንደ ክር የቀጠነ ቤንዚን ሊረጭ ሲገባው አንዲት ጠብታ እንኳ አልታየችም። እንግዲህ ጥፋቱ ከቤንዚኑ መንገድ ላይ ነው።

በቮልስ ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ ታንኩ ከፊት፤ ሞተሩ ከኋላ ነውና። ቤንዚኑ ከታንኩ ወጥቶ በወለሉ ውስጥ በተዘረጋው የብረት ቱቦ ያልፋል፤ ከዚያም በአንዲት አጭር ጎማ ወደ ፓምፑ፤ ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ ይደርሳል። ፓምፑ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ ሞተሩ ሲዞር ዘንግ ይገፋዋል፤ በውስጡ ያለው ስስ ሽፋንም ከፍ ዝቅ እያለ ከታንኩ ይስባል፤ ወደ ካርቡሬተሩም ይልካል።

ከቀላሉ ጀምሬ የታንኩን ክዳን ከፈትሁ። መተንፈሻው የተደፈነ እንደ ሆነ በወጣው ቤንዚን ፋንታ አየር ስለማይገባ ፓምፑ መሳብ ይሳነዋል፤ ክዳኑም ሲከፈት እፍ የሚል ድምፅ ይሰማል። የእኛ ዝም አለ። በእጅ በሚጨመቅ መሳቢያ ጥቂት ቤንዚን ቀድቼ በጠርሙስ አስቀመጥሁ፤ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ቢኖርበት ከሥር ተለይቶ ይታይ ነበር። በጀሪካን ቤንዚን የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን ሳይመረምር ወደ ታንኩ ባይጨምር ይሻለዋል። ማጣሪያውም ዝገት አልያዘም። ከዚህ በኋላ ብልጭታ እንዳይኖር የእሳቱን ሽቦ ለይቼ፤ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ጎማ ነቅዬ ጫፉን በጠርሙስ ውስጥ አደረግሁና ሞተሪኖውን አዞርሁ። ፓምፑ ደኅና ቢሆንና መንገዱም ቢቀና ቤንዚኑ እንደ ልብ ትርታ እየዘለለ ይወጣ ነበር፤ የወጣው ግን አረፋ ነው።

እኔ ፓምፑን ልፈታ ስነሣ ባለቤቴ፤ «ታንኩን በሞላህ ቀን ሁሉ ከመኪናዋ ኋላ የሚመጣው ሽታ ጓዳ ድረስ ይገባ ነበር፤ ቤንዚኑ ሲጎድል ደግሞ ሽታው ይጠፋል፤ ስንት ጊዜ ነገርሁህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ደጋግማ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን አሮጌ መኪና መሽተቱ አይቀርም እያልሁ አልፌዋለሁ።

ነገሩ የተፈታው በዚህ ቃል ነው። ከፓምፑ በፊት ያለችው አጭር ጎማ ተሰንጥቃ ነበር። ታንኩ ሲሞላ የቤንዚኑ ከፍታ ከፓምፑ ስለሚበልጥ፤ በስንጥቁ በኩል ቤንዚን ወደ ውጭ ያዣል፤ ይሸታል፤ መኪናይቱ ግን ትነሣለች። ታንኩ ሲጎድል ደግሞ ፓምፑ ከዝቅተኛ ስፍራ መሳብ ይገባዋል፤ በዚያን ጊዜ በስንጥቁ በኩል አየር ይገባል እንጂ ጠብታ አይወጣም፤ ሌሊትም በቱቦው ውስጥ የነበረው ቤንዚን ወደ ታንኩ ይመለሳል። በዚያ ሰሞን ቤንዚን ከማደያው እየታጣ ለብዙ ሳምንት ታንኩን ሞልተን አናውቅም ነበርና የተሰወረው ጥፋት ያን ጊዜ ተገለጠ። የማይንጠባጠብ ጎማ ደኅና ነው ብሎ ማለፍ የብዙ ሰው ስሕተት ነው።

ጎማይቱ ከአንድ ስንዝር አትበልጥም፤ በጣቴ ባጐብጣት እንደ ደረቀ ቅርፊት ተሰነጣጠቀች። መኪናይቱ ቀድሞ በአዲስ አበባ ትኖር ነበር፤ በዚያም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቤንዚኑ ከመቶ 5 እጅ፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም 10 እጅ ኤታኖል ይቀላቀልበት እንደ ነበር ይታወቃል። የጥንት ጎማ ደግሞ ኤታኖልን የሚችል ተደርጎ አልተሠራም። ይሁን እንጂ ዕድሜና የሞተር ሙቀት ብቻቸውን ይህን ለማድረግ ይበቃሉ። ለነዳጅ የተሠራ አዲስ ጎማ አስገብተን በሁለቱም ጫፍ በማጥበቂያ አሰርን። መኪናይቱም ካርቡሬተሩ እስኪሞላ ጥቂት ዞራ ተነሣች።

በናፍታ የሚሄድ መኪና ያላቸው አንባብያንም ተመሳሳይ ነገር ያገኛቸዋል። በዚያ ቱቦው አየር ሲይዝ ስንጥቁን ከደፈኑ በኋላ፤ ብዙ ጊዜ ከማጣሪያው አጠገብ በሚገኘው የእጅ ፓምፕ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል።

የቤንዚን ሽታ ባለበት ግን ቁልፍ ማዞር አይገባም። በቮልስ የቤንዚኑ ፓምፕ የእሳት ማከፋፈያው ጎረቤት ነው፤ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው ትንሹ የነሐስ ቱቦም ከእርጅና የተነሣ ላልቶ ወልቆ ብዙ መኪናዎችን አቃጥሏል። በካርቡሬተር አፍ ቤንዚን ማፍሰስም ሞተሩ ነበልባል ወደ ኋላ ቢተፋ ፊትን ያቃጥላል። በእኛ ቤት ጀሪካኑ ከምድጃው ጀርባ ይቀመጥ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። አሁን ከግቢው ጥግ ለብቻው ቤት ተሠርቶለታል።

አማቴም በሁለተኛው ቀጠሮ በዚያችው መኪና ሆሳዕና ሄደው ዓይናቸው ታከመ። ሲመለሱ ብርድ ሳለ የመኪናይቱን መስኮት ከፍተው ተቀመጡ። ስለ ምን ነው ብላቸው፤ «ሽታው እንዳለ ላውቅ ነው፤ እኔ ብናገር ትሰማኝ ይሆናል» አሉኝ።