ጓንቱን የሚያጠልቀው ማን ነው?

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ዶሮ ወጡ ደርሶ ድስቱ መውረድ ነበረበት። ቤታችን የምታግዘን ልጅ አጠገቧ ያገኘችውን የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ አጥፋ የድስቱን ጆሮዎች ያዘች። ጨርቁ እርጥብ ነበር። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ፊቷ ተለወጠ። ድስቱን ግን አልለቀቀችም፤ የሦስት ዓመቱ ልጄ እግሯ ሥር ነበር። የጮኸችው ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠችው በኋላ ነው። መዳፏ ውሃ ቋጠረ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ዕቃ ማጠብ አልቻለችም።

ያን ማታ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። ለሰርጌ የተሰጠኝ፣ አበባ የታተመበት ጥንድ የኦቭን ጓንት ከነወረቀቱ ተሰቅሏል። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አጥልቆት አያውቅም። «ለምን ይኼን አላደረግሽም?» ስላት፣ «እንዳይቆሽሽብዎት ብዬ ነዋ፣ እትዬ» አለችኝ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው ዕቃ ሲገዛ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ደመወዝ ይከፈለኛል። ስለዚህ በድፍረት እነግራችኋለሁ፦ የኪችን ጓንት የሚሸጠው በቀለሙ ነው። ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል፣ ለስጦታ ያምራል፣ ያልቃል። እጅን ስለመጠበቁ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የእርጥቡን ጨርቅ ነገር እንጨርስ፤ ብዙ ቤት የሚፈጸም ስህተት ነውና። ደረቅ ጨርቅ እጃችንን የሚጠብቀው በክሮቹ መካከል በያዘው አየር ነው። ጨርቁ ሲረጥብ የአየሩን ቦታ ውሃ ይወስደዋል፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያሻግራል። ጨርቁን የቱንም ያህል ብታጥፉት ለውጡ ጥቂት ነው። ጥሩ ጓንትም ቢሆን ከረጠበ ያው ነው፤ እስኪደርቅ ድረስ አትንኩት።

ወደ ገበያው ስንመጣ፣ ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው፦ የጨርቅና የሲሊኮን። ከጨርቁ ውስጥ ከውጭም ከውስጥም ጥጥ የሆነውን ፈልጉ። ፖሊስተር በ250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የቀለጠ ነገር ደግሞ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም። የጋዝ ምድጃ ያላችሁ ግን ነበልባሉ ለጥጥም እንደማይመለስ እወቁ፤ ጫፉ የተንዘረፈፈ ጓንት እሳቱ አጠገብ አይሂድ። ሲሊኮን ውሃ አያስገባም፣ ዘይት ሲነካው በቀላሉ ይጠረጋል፣ ድስትም አያንሸራትትም። ችግሩ ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ነው። «230 ዲግሪ ይቋቋማል» ሲል ሲሊኮኑ አይበላሽም ማለቱ ነው። እጃችሁ ምን ያህል እንደሚቆይ አልነገራችሁም። ስስ ሲሊኮን ራሱ ሳይበላሽ እጃችሁን ሊያቃጥል ይችላል። (እኔም ብሆን ማሸጊያው ላይ ትልቁን ቁጥር ነበር የማስቀምጠው፤ ይቅር በሉኝ።) ውስጡ በጥጥ የተደረበ ሲሊኮን ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።

ከአውሮፓ የመጡ አንዳንድ ጓንቶች ላይ ኢኤን 407 የሚል ምልክት አለ፤ ከነበልባል ሥዕል ጋር ቁጥሮች ተደርድረዋል። ለእኛ የሚጠቅመን ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ትኩስ ነገር በቀጥታ ሲያዝ ያለውን ያሳያል። 1 ከሆነ የተፈተነው በ100 ዲግሪ ነው፣ 2 ከሆነ በ250፤ ሁለቱም ቢያንስ ለ15 ሰከንድ። ከምድጃ እስከ ጠረጴዛ ያለውን መንገድ በሰከንድ ቁጠሩት፤ የእኔ ኪችን ስምንት ሰከንድ ነው።

አሁን ደግሞ እኛ ቤት የሚነሳውን ነገር አስቡ። የውጭው ጓንት የተሰፋው ከኦቭን ትሪ ለማውጣት ነው። ድፎ ዳቦ በኦቭን ለሚጋግር ይሠራል፤ ያኔም ክንዳችሁ የኦቭኑን ጠርዝ እንዳይነካ ከእጅ አንጓ አልፎ የሚሸፍን ረጅም ይሁን። ለምጣድም የሚያስፈልገው ርዝመቱ ነው። እንጀራውን የምናወጣው በሰፌድ ነው፤ የሚያቃጥለን አክንባሎው ሲከፈት ወደ ክንድ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ለጀበና ግን ወፍራም ጓንት ጭራሽ አይሆንም፤ ጣት በጆሮው አያልፍም፣ ያልፋል ብላችሁ ስትታገሉ ቡናው ይደፋል። ለእሱ ትንሽ፣ ደረቅ፣ ባለ ሁለት ድርብ የጥጥ ቁራጭ ይበቃል። ሽሮ በሸክላ ለምታቀርቡ ደግሞ፣ ሸክላ ሙቀት ስለሚይዝ ወጡ መንተክተኩን ካቆመም በኋላ ያቃጥላል፤ በሁለት እጅ፣ በሁለት መያዣ።

መግዛት ግድ አይደለም። ያረጀ ጋቢ ያላት እናት የሌለችው ማን አለ? ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ አየር ይይዛል። በመዳፍ ልክ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ሁለቱን ደርቡ፣ በአሮጌ ጂንስ ሸፍናችሁ ዙሪያውንና መሐሉን ስፉት። እናቴ ሰፍታ የሰጠችኝ አራት ቁራጭ ከሰርጉ ጓንት ይልቅ በየቀኑ ያገለግላል።

ለመግዛት ከሄዳችሁ ግን በየቀኑ ድስቱን የምታወርደውን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ከፋሲካ በኋላ ያደረግሁት ይኼንን ነው። እኔ ወዲያው ወደ ሰማያዊው እጄን ዘረጋሁ። እሷ አጠለቀችውና ሱቁ ውስጥ ያለ ድስት ለማንሳት ሞከረች፤ አውራ ጣቱ ለእሷ ረዝሞ ጫፉ ባዶ ታጥፏል። ሁለተኛው እጇን ስታወጣ ገበሩም አብሮ ወጣ። ሦስተኛው ግራጫ ነው፣ አስቀያሚ ነው፣ ልኳ ነው። ባለሱቁ ዝም ብሎ አየን። የጓንቱ መስቀያ አሁን ከምድጃው አንድ ክንድ ርቆ፣ ከዕቃ ማጠቢያውም ራቅ ብሎ ተመትቷል፤ እንዳይረጥብ።

ያን ማታ የተማርነውን ሌላ ነገርም ልጨምር። ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች፣ አንዱ እንቁላል አለ፣ አንዱ ቅቤ። አንዱንም አትቀቡ። የተቃጠለውን እጅ ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙት፤ በረዶ አይሁን። እጁ ሳያብጥ ቀለበት አውልቁ፤ ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ቧንቧው በጠፋበት ቀን ከባልዲ በጣሳ እየቀዱ ቀስ ብሎ ማፍሰስም ይሆናል። መዳፍ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ፣ ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ልጄ አሁን ድስት ሲነሳ «ትኩስ! ዞር በሉ!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው፤ እየጮኸ ወደ በሩ ይሮጣል። የአበባውን ጥንድ ደግሞ ወረቀቱን ቀድጄ ለሥራ ላውለው ብዬ መለያውን አነበብኩ፤ መቶ በመቶ ፖሊስተር ይላል።