ዕዳው ሳያረጅ ቤቱ ያረጃልን?

«ዋስትናው አንድ ዓመት ነበር፤ አልፏል።» ዲላ ላይ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰው ሲጮህ የሚመለስለት ቃል ይህ ነው። በባንክ መስኮት ተቀምጬ የምመዘግበው የቤት ብድር ግን ብዙ ዓመት ይቆጥራል፤ ዕዳው ሳያረጅ ቤቱ ስለ ምን ያረጃል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተናግሯል፦ ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው። በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ጠባይ ለሚደርስ ጥፋትም ይጠየቃል። ጊዜውን የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። እንግዲህ «አፈሩ ከዳን» ማለት ማምለጫ አይሆንም፤ አፈሩን አስቀድሞ ማወቅ ሙያው ነውና።

ጌዴኦ ቡና ተክሎ ፍሬውን ለማየት ሦስት አራት ዓመት ይታገሣል። የመሠረት ስንፍናም የሚያፈራው ከጥቂት ክረምት በኋላ ነው። አንባብያን ሆይ፣ የርክክቡን ወረቀት ጠብቁ፤ አሥሩን ዓመት ከዚያ ቀን ቁጠሩ።