ከቀፎው በፊት ሙያው

የመንግሥት ድጋፍ ሲባል ለብዙዎቻችን ፈጥኖ የሚታየን ገንዘብ ነው። በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ የተመደበው 10 ቢሊዮን ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ይሁን እንጂ በገጠር አዲስ ሥራ ለሚጀምር ሰው ከብድሩ በፊት የሙያ ሥልጠና ሊቀድምለት ይገባል እላለሁ። ለዚህም ንብ እርባታን ተመልከቱ።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት፤ ሆኖም አብዛኛው ማር ዛሬም የሚቆረጠው ከባህላዊ ቀፎ ነው። ዘመናዊው ቀፎ በሚገባ ከተያዘ የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይሰጣል። «በሚገባ ከተያዘ» ማለቴን ልብ በሉ። ዘመናዊ ቀፎ ሣጥን ብቻ አይደለም፤ በየፍሬሙ የታተመ ሰም ሊለጠፍበት፣ ማሩም እንጀራው ሳይሰበር በሚሽከረከር መሣሪያ ሊወጣ ይገባል። መንጋው ሊከፈል ሲዘጋጅ ምልክቱን የማያውቅ፣ አበባ ሲጠፋ ምን እንደሚመግብ ያልተማረ ሰው ቀፎውን በብድር ቢገዛ ንቦቹ ጥለውት ይሄዳሉ። የአገራችን ንብ ሲከፋው መሰደድ ልማዱ ነው፤ ከመካከላችሁ አባቱ ቀፎ የሚሰቅል ተማሪ ይህን ያውቃል። ያን ጊዜ ሣጥኑ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል፤ ዕዳው ግን ዕዳ ነው።

ሥልጠና ስልም በወረዳ አዳራሽ ሦስት ቀን አዳምጦ፣ አበል ተቀብሎ መመለስን ማለቴ አይደለም። (እንዲህ ያለው ሥልጠና የሚያስተምረው መፈረምን ብቻ ነው።) አደይ አበባ ከሚፈነዳበት ከመስከረም አንሥቶ ማር እስከሚቆረጥበት እስከ ኅዳር ድረስ፣ ልምድ ካለው ንብ አርቢ ጋር ቀፎ እየከፈቱ መማር ማለቴ ነው።

በየቀበሌው ሰብልን፣ እንስሳትንና የተፈጥሮ ሀብትን የሚከታተሉ የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ መደረጉ መልካም ነው። ነገር ግን ወጪና ገቢን መዝግቦ የአንድ ኪሎ ማር ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ማስላትን ማስተማር ከእነዚህ የአንዱም ዋና ሙያ አይደለም። ስለዚህ አምራቹ ድካሙን ሳያሰላ ጠጅ ጣዩ በጠራለት ዋጋ ይሸጣል።

«ገንዘብ የሌለው ሙያ ምን ይፈይዳል?» የሚል ቢኖር አነጋገሩ እውነትነት አለው። እኔ የምከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። የሠለጠነው ሰው በመጀመሪያ ሁለት ቀፎ ተሰጥቶት አንድ ወቅት ይሞክር፤ ከዚያ በኋላ ይበደር። የብድሩም የመጀመሪያ ክፍያ ከኅዳር በፊት አይጠየቅ። በነሐሴ ክፈል የተባለ ንብ አርቢ በእጁ የሚሸጥ ማር ስለማይኖረው የሚሸጠው ቀፎውን ነው።